የሚነዝር አምፕሊፋየር የውሃ ቧንቧ ላይ አይታሰርም

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጅማ ሄርማታ አካባቢ ነው፤ ከሌሎች ተከራዮች ጋር በአንድ ግቢ። ፈቃድ ያለኝ አማተር ሬዲዮ ተጠቃሚ ነኝ፣ ሬዲዮዬ 100 ዋት ይሰጣል። በ20 ሜትር ባንድ (በ14 ሜጋኸርዝ) የአውሮፓ ጣቢያዎችን በደንብ እሰማለሁ፤ ስጠራቸው ግን የሚመልሱልኝ ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ሦስት 811ኤ ቲዩብ (የመስታወት ኃይል ማጉያ) ያለው፣ 600 ዋት የሚሰጥ ያገለገለ አምፕሊፋየር ገዛሁ። የመሰኪያው ሦስተኛ እግር ሶኬቱ ውስጥ አልገባ ስላለኝ ቆርጬ በ1000 ቪኤ ስታቢላይዘርና በዲቫይደር ሰካሁት። ሳወራ ስታቢላይዘሩ ቋ ቋ ይላል፣ አምፖሉ ይደበዝዛል፣ የአምፕሊፋየሩን ሽፋን ስነካ ይነዝረኛል። አንድ ጓደኛዬ ኧርዝ (ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ሽቦ) ስለሌለው ነው ብሎኝ ከግቢው የውሃ ቧንቧ ጋር አሰርኩት፤ ትንሽ ቀነሰልኝ። ኤስደብሊውአሩ (ከአንቴናው ምን ያህል ኃይል እንደሚመለስ የሚያሳየው ቁጥር) 2.8 ነው፣ ኬብሉ 30 ሜትር አርጂ-58፣ አንቴናው ከቆርቆሮ ጣሪያው 3 ሜትር ከፍ ያለ ዳይፖል (ባለ ሁለት ክንድ የሽቦ አንቴና)። የተበላሸ አምፕሊፋየር ነው የገዛሁት ወይስ አያያዙ ነው?»

ምላሽ፦ አሁኑኑ ይንቀሉት። መጀመሪያ መሰኪያውን ከሶኬት ይንቀሉ፣ የቧንቧውን ሽቦ ከዚያ በኋላ ይፍቱ። ቅደም ተከተሉን እንዳይገለብጡት፤ ኃይል እያለ የቧንቧውን ሽቦ በእጅዎ ከፈቱ፣ ሽፋኑ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚሄደው በእርስዎ በኩል ነው። ከገለጹልኝ ውስጥ አምፕሊፋየሩ ተበላሽቷል የሚያሰኝ አንድም ምልክት አላየሁም። ችግሩ መሰኪያው፣ የቤቱ መስመር፣ ኬብሉና አንቴናው ላይ ነው። በ100 ዋት ተደብቆ የኖረ ጉድለት 600 ዋት ሲመጣ ይገለጣል፤ እርስዎ ጋ የሆነውም ይኸው ነው።

ከመንዘሩ ልጀምር፤ ከጠቀሷቸው ችግሮች ሁሉ ሰው የሚገድለው እሱ ነውና። አማተሮች «ይነዝረኛል» ሲሉ ሁለት ፍጹም የተለያዩ ነገሮችን ይቀላቅላሉ። አንደኛው ከመብራቱ መስመር የሚመጣ የ50 ኸርዝ ፍሳሽ ነው። ብዙ መሣሪያዎች በኃይል መግቢያቸው ላይ ከፌዝም (ኤሌክትሪክ ከሚያመጣው ሽቦ) ከኒውትራልም (ከመላሹ ሽቦ) ወደ ብረት ሽፋኑ የተያያዙ ትንንሽ የማጣሪያ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያከማቹ ክፍሎች) አሏቸው። ኧርዝ ሲጠፋ ሽፋኑ በሁለቱ መካከል ይንሳፈፍና 110 ቮልት አካባቢ ይይዛል። የሚያልፈው ከረንት ትንሽ በመሆኑ ይነዝራል እንጂ አይገድልም። የሚያስፈራው የትራንስፎርመሩ ኢንሱሌሽን የሚበሳበት ወይም አንድ ሽቦ ተላጦ ሽፋኑን የሚነካበት ቀን ነው። ያን ጊዜ ሽፋኑ ላይ የሚቀመጠው ሙሉ 220 ቮልት ነው፤ የቆረጡት ሦስተኛ እግር፣ ማለትም ኧርዙ፣ የተሠራውም ለዚያ ቀን ነበር። ሁለተኛው መንዘር ደግሞ ከአንቴናው በኬብሉ የውጭ ገጽ እየተንሸራተተ ወደ ክፍሉ የሚመለስ የሬዲዮ ኃይል ነው። ይሄኛው ሲያስተላልፉ ብቻ ይመጣል፤ ከንፈርዎ ማይክሮፎኑን ሲነካ ቆንጠጥ አድርጎ ያቃጥላል።

የትኛው እንደሆነ በጣት አይሞከርም። ኤሌክትሪሺያን ኧርዙን ካስተካከለልዎ በኋላ አምፕሊፋየሩን አብርተው ምንም ሳያስተላልፉ በመልቲሜትር፣ በኤሲ ቮልት፣ ከሽፋኑ እስከ ሶኬቱ ኧርዝ ይለኩ። ዜሮ አካባቢ ካሳየ የመብራቱ በኩል ተፈቷል፤ ከዚያ በኋላም ሲያወሩ ብቻ የሚቆነጥጥዎ ከሆነ የቀረው የአንቴናው ጉዳይ ነው።

ጓደኛዎ ኧርዝ እንደሌለው በትክክል አይቷል፤ መፍትሔው ግን ከበሽታው የከፋ ነው። ዛሬ ከውሃ ቆጣሪው ወዲህ የሚዘረጋው መስመር ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል። ብረት ሆኖ የሚታየው ከመሬት በላይ ያለው ቁራጭና ቧንቧው ብቻ ከሆነ፣ ያሰሩት ከመሬት ጋር ሳይሆን ጎረቤቶችዎ በእርጥብ እጅ ከሚይዙት ብረት ጋር ነው። ቀነሰልኝ ያሉት ፍሳሽ አልጠፋም፤ አሁን ከፊሉ ቧንቧው ላይ ነው። ባዶ እግሩን ውሃ የሚቀዳ ልጅ አለ፣ ልብስ የምታጥብ እናት አለች። የእርስዎ ትራንስፎርመር አንድ ቀን ቢበሳ መጀመሪያ የሚያገኛቸው እነሱን ነው። እባክዎ ይህን ለነገ አያሳድሩት።

ሌላም የተሳሳተ እምነት አለ፦ «የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ከቀበርኩ በቂ ነው» የሚል። ሒሳቡን ይመልከቱት። በደንብ የተቀበረ አንድ ዘንግ 25 ኦም ቢኖረው፣ ፌዙ ሽፋኑን ሲነካ በዘንጉ የሚያልፈው ከረንት 220 ሲካፈል ለ25፣ ማለትም 8.8 አምፔር ነው። የ16 አምፔር ብሬከር በ8.8 አምፔር አይወድቅም። ሽፋኑ በቮልቴጅ እንደተሞላ ይቆያል፣ ብሬከሩም ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ስለዚህ ዘንግ ብቻውን አይበቃም፤ በ30 ሚሊአምፔር ልዩነት የሚቆርጥ አርሲዲ ያስፈልጋል። አርሲዲው በፌዝ ሄዶ በኒውትራል ያልተመለሰውን ከረንት አይቶ በሴኮንድ ክፍልፋይ ይቆርጣል።

እንግዲህ የቤቱን ባለቤት አስፈቅደው ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ያስመጡ። ሥራው ይህ ነው፦ የቆጣሪ ሳጥኑን ከፍቶ ቤቱ ኧርዝ እንዳለው ያያል፤ ከሌለው ዘንግ ቀብሮ በኧርዝ መለኪያ ይለካል። ከዚያ ከብሬከር ሳጥኑ እስከ ሬዲዮ ክፍልዎ ፌዝ፣ ኒውትራልና ኧርዝ ያለው የራሱ መስመር በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይዘረጋል፤ 16 አምፔር ብሬከርና አርሲዲ ያስገባል፤ በጎንና በጎኑ የኧርዝ ምላስ ያለው ሶኬት ይገጥማል። የአምፕሊፋየሩን ገመድ በአዲስ ባለ ሦስት ሽቦ ገመድና በትክክለኛ መሰኪያ ይለውጠዋል። የአንቴናው ኬብል ወደ ቤት በሚገባበት ቦታ የሚቀበር ዘንግ ካለ፣ ከቤቱ ኧርዝ ጋር በወፍራም መዳብ ይገናኝ። ሁለት የተለያየ መሬት በአንድ ጣቢያ ውስጥ ሲኖር መብረቅ አጠገብ በወደቀ ቁጥር በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው ቮልቴጅ በሬዲዮዎ ውስጥ ያልፋል።

ወደ ኃይሉ ስንመጣ፣ 600 ዋት ለማውጣት ቲዩቦቹ ወደ 1000 ዋት ይጠጣሉ። የፊላመንቱ (ቲዩቡን የሚያሞቀው ክር)፣ የፋኑና የትራንስፎርመሩ ብክነት ሲጨመር ከግድግዳ የሚሳበው 1200 ወይም 1300 ዋት፣ 6 አምፔር አካባቢ ነው። ይህ ከእንጀራ ምጣድ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ግን ምጣዱ የሚስበው በወጥነት ነው፣ እርስዎ በድምፅ ሲያስተላልፉ ግን በእያንዳንዱ ቃል ከፍ ዝቅ ይላል። የ1000 ቪኤ ስታቢላይዘር አቅሙ ከመጀመሪያው አልበቃም፤ ቋ ቋ የሚለውም ሪሌዎቹ (በኤሌክትሪክ የሚሠሩት መቀያየሪያዎች) ንግግርዎን ተከትለው ደረጃ ሲቀያይሩ ነው። ያውጡት። ዲቫይደሩንም ያውጡት፤ ቀጭን ሽቦና የላላ ምላስ አለው፣ ሲሞቅ ይቀልጣል። አምፖሉ የሚደበዝዘው ሁለቱ ከአንድ ቀጭን መስመር ስለሚጠጡ ነው፤ የራሱ መስመር ሲዘረጋ በአብዛኛው ይቀረፋል። ግቢው ውስጥ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ግን ቮልቴጁ ስለሚወርድ አምፕሊፋየሩን ባያስነሱት እመክራለሁ።

አምፕሊፋየሩን ከመሰካትዎ በፊት የትራንስፎርመሩ መግቢያ ለስንት ቮልት እንደታሰረ ይረጋገጥ። ያገለገለ ዕቃ ለ110 ቮልት እንደታሰረ ሊመጣ ይችላል፤ ያንን 220 ላይ መሰካት የሁሉም ቮልቴጅ እጥፍ ማለት ነው። ፊላመንቱ ይቃጠላል፣ የከፍተኛ ቮልቴጅ ካፓሲተሮቹም ሊፈነዱ ይችላሉ። የእርስዎ እስካሁን ሠርቶ ስላየነው 110 ላይ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ግን 220 እና 240 የሚለይ ከሆነ ፊላመንቱ ላይ 6.3 ቮልት መድረሱ ይለካ። መብራት ሲጠፋም ማብሪያውን ያጥፉ። መብራት ተመልሶ ሲመጣ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቮልቴጁ ስለማይታመን ትንሽ ቆይተው ያብሩ።

ለጅማ ልዩ የሆኑ ሁለት ነገሮችም አሉ፤ ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው መመሪያ አይነግርዎትም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአምስተኛ እጅ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ ተመሳሳይ ዙር እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው ማለት ነው፤ ከፍተኛ ቮልቴጅም በሳሳ አየር ውስጥ ይበልጥ ይዘላል። ከአምፕሊፋየሩ በላይና በስተጀርባ ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ይተዉ፣ ላዩ ላይ ጨርቅም መጽሐፍም አይጣል። ሁለተኛው እርጥበት ነው። ዝናቡ ረጅም በሆነበት ከተማ፣ ሳይበራ የከረመ አምፕሊፋየር ውስጥ አቧራና እርጥበት ተቀላቅለው በኢንሱሌተሮቹ ላይ መንገድ ይሠራሉ። ሳምንታት ተቀምጦ ከነበረ በተጠባባቂ ሁኔታ ለሰዓት ያህል አሙቀው ይጀምሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ፤ ለምን አይመልሱልዎትም? ከ100 ወደ 600 ዋት መሄድ 7.8 ዴሲቤል (የኃይል ልዩነት መለኪያ) ነው። አንድ ኤስ ነጥብ (የሬዲዮው የሲግናል መርፌ አንድ ደረጃ) 6 ዴሲቤል ስለሆነ ተቀባዩ ጋ መርፌው የሚጨምረው ከአንድ ነጥብ ትንሽ በላይ ነው። ከኢትዮጵያ የሚነሳ ጥሪ በዓለም አማተሮች ዘንድ ብርቅ ስለሆነ 100 ዋት በትክክል ቢወጣ ጥሪዎ ወረፋ ይፈጥር ነበር። አሁን ግን 100ው በትክክል አይወጣም። የእርስዎ አርጂ-58 በ30 ሜትር ርዝመት 14 ሜጋኸርዝ ላይ በደህና ቀን እንኳ 1.7 ዴሲቤል፣ ከሦስት እጅ አንዱን ገደማ፣ ወደ ሙቀት ይለውጣል። ኪሳራው ደግሞ ኤስደብሊውአሩን አሳምሮ ያሳይዎታል፤ ተመላሹ ኃይል ኬብሉ ውስጥ ሲያልፍ ስለሚደክም ሬዲዮው ጋ 2.8 ያነበቡት አንቴናው ጋ ከ5 በላይ ነው። ሲደመር ከሬዲዮው ከወጣው አንቴናው ጋ የሚደርሰው ከግማሽ በታች ነው። ሬዲዮዎም በዚህ ኤስደብሊውአር ራሱን ለመጠበቅ ኃይሉን ዝቅ ያደርጋል። በዚህ ኬብል ላይ 600 ዋት ሲጭኑ ከ300 ዋት በላይ የሚቀረው ኬብሉን ለማሞቅ ነው፤ የውስጡ ፕላስቲክ ለስልሶ መሐለኛው ሽቦ በዙሪያው ያለውን የሽቦ መረብ ይነካል፣ በዚያች ቅጽበት አምፕሊፋየሩ ሾርት ላይ ነው።

ስለዚህ ኬብሉን በወፍራሙ አርጂ-213 ይቀይሩት፤ አርጂ-58 ከሬዲዮው እስከ አምፕሊፋየሩ ላለችው አጭር ቁራጭ ይበቃል። ዳይፖሉን ለ14.2 ሜጋኸርዝ ሲቆርጡ 142.5ን ለ14.2 ያካፍሉ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ 10 ሜትር ነው። ትንሽ አስረዝመው ይጀምሩና ከሁለቱም ጫፍ እኩል እየቀነሱ ኤስደብሊውአሩን ከ1.5 በታች ያውርዱ። ከቆርቆሮ 3 ሜትር ከፍ ማለት አይበቃም፤ ቆርቆሮው ለአንቴናው እንደ መሬት ነው። ሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ካገኙ ከመሬት 10 ሜትር ያድርሱት፤ ከመብራት መስመር ግን እንጨቱ ቢወድቅ እንኳ የማይደርስበት ርቀት ላይ ይቁም። ጫፎቹ ላይ ሲያስተላልፉ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ስለሚኖር ከዛፍ ቅጠልም ከሰው እጅም ይራቁ። መጋቢያው ነጥብ ላይ (ኬብሉ ከአንቴናው ጋር በሚገናኝበት) ኬብሉን 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ 8 ዙር ያህል ጠቅልለው ያስሩት፤ በኬብሉ ውጭ የሚመለሰውን የሬዲዮ ኃይል ያንቀዋል፣ ከንፈር የሚቆነጥጠውም በአብዛኛው በዚህ ይቆማል።

ቲዩነር (ሬዲዮውን ከአንቴናው ጋር የሚያስማማ መሣሪያ) ይህን ሁሉ አይተካም። ሬዲዮው ውስጥ ያለው ቲዩነር አምፕሊፋየር ሲኖር የሚያስተካክለው ሬዲዮውን ከአምፕሊፋየሩ ጋር ብቻ ስለሆነ ያጥፉት። ሰንሰለቱ ሬዲዮ፣ አምፕሊፋየር፣ የኤስደብሊውአር መለኪያ፣ አንቴና ነው፤ የውጭ ቲዩነር ካስፈለገ ከመለኪያው በኋላ ይገባል፣ 600 ዋት የሚችልም መሆን አለበት።

ከሬዲዮው ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደውን የሪሌ መቆጣጠሪያ ሽቦ ሳይለኩ አያያይዙ። አንዳንድ የቆዩ አምፕሊፋየሮች በዚያ ሽቦ ላይ ከ100 ቮልት በላይ ያስቀምጣሉ፤ የዘመኑ ሬዲዮ መቆጣጠሪያ ደግሞ ለትንሽ ቮልቴጅ የተሠራች ናት፣ ትቃጠላለች። የእርስዎ ዓይነት በ12 ቮልት የሚሠራ ነው፤ ያገለገለ ስለሆነ ግን አንድ ሰው ቀይሮት ሊሆን ይችላልና በመልቲሜትር ያረጋግጡ። ኤኤልሲ የሚባለውን ሽቦ (አምፕሊፋየሩ ሬዲዮውን ኃይል ቀንስ የሚልበትን) ኃይል ለመገደብ አይመኩበት። ኃይሉን ሬዲዮው ላይ በእጅዎ ይወስኑ፤ ሦስት 811ኤ ለሙሉ ኃይል የሚፈልጉት በአብዛኛው ከ60 እስከ 70 ዋት ነው። 100 ዋት ከሰጡት ድምፅዎ ተሰባብሮ ጎረቤት ፍሪኩዌንሲዎችን ያውካል፣ ግሪዶቹም (በቲዩቦቹ ውስጥ ያሉት የሽቦ ወንፊቶች) ያረጃሉ።

ማስተካከሉን አንቴና ላይ አይጀምሩ። 50 ኦም ደሚ ሎድ (ኃይሉን ሳያሰራጭ ወደ ሙቀት የሚለውጥ የአንቴና ምትክ) ይግዙ ወይም ይዋሱ። በ20 ዋት ግቤት ይነሱ፤ የፕሌት ማዞሪያውን ለከፍተኛ ውጤት፣ ቀጥሎ የሎድ ማዞሪያውን፣ ከዚያ ግቤቱን በትንሹ እየጨመሩ ይድገሙ። አንዴ ሲጫኑ ከ10 ሴኮንድ አይለፉ፣ በመሐሉ ያሳርፉት። የግሪድ ከረንቱ መመሪያው ከሰጠው ጣሪያ ካለፈ ሎዱ አንሷልና ይጨምሩ። ፕሌቱ (በቲዩቡ ውስጥ ያለው ትልቁ ብረት) ቀይ ሆኖ ከታየዎት ወዲያው ያቁሙ። ሦስቱ ቲዩቦች አንድ ላይ ያለማቋረጥ የሚችሉት ሙቀት 200 ዋት አካባቢ ስለሆነ፣ እንደ ኤፍቲ8 ባለ፣ በኮምፒውተር በሚላክ የማያቋርጥ ሞድ ከ300 ዋት በላይ አይሞክሩ። 600 የሚባለው ቁጥር ለንግግር ጫፍ ነው።

ሽፋኑን የመክፈት ፍላጎት ከመጣብዎ ይህን አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ውስጡ 1500 እና 1700 ቮልት የሚይዙ ካፓሲተሮች አሉ። መሰኪያው ከተነቀለ በኋላም የማፍሰሻ ሬዚስተር ተቃጥሎ ከሆነ ቮልቴጁ አይወርድም። መሰኪያውን ነቅለው በዓይንዎ የሚያዩት ቦታ ያስቀምጡት፣ ቢያንስ 5 ደቂቃ ይጠብቁ፣ የቮልቴጅ መለኪያው ዜሮ ይድረስ፣ ከዚያ የብረት ጫፉ ከሽፋኑ ጋር በሽቦ በተገናኘ ረጅም የፕላስቲክ ዘንግ የፕሌቱን መስመር ይንኩ። አንድ እጅ ኪስ ውስጥ ይሁን። ብቻዎን አይሥሩት፤ አጠገብዎ የሚቆመው ሰው ብሬከሩ የት እንደሆነ አስቀድሞ ይወቅ። ይህን ለብቻቸው ሲያደርጉ ሕይወታቸውን ያጡ ልምድ ያላቸው አማተሮች አሉ።

ቁርጥ ያለ ምክሬ ይህ ነው። አምፕሊፋየሩን ከመስመር አውጥተው ያስቀምጡት። ገንዘብዎን መጀመሪያ በኧርዙና በአርሲዲው፣ ቀጥሎ በአርጂ-213ና በአንቴናው ከፍታ ላይ ያውሉት፤ ከዚያ በ100 ዋት ብቻ ለአንድ ወር ጣቢያዎችን ይጥሩ። ያኔም አስፈላጊ ሆኖ ካገኙት፣ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በሰጠዎት ፈቃድ ላይ የሰፈረውን የኃይል ጣሪያ አይተው በ300 ዋት ይጀምሩ። ከ100 ወደ 300 መድረስ 4.8 ዴሲቤል ይሰጥዎታል፤ ከዚያ እስከ 600 የሚቀረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለግቢው ሰዎችም አስቀድመው ይንገሯቸው። የአንድ ተከራይ ቴሌቪዥን ወይም የአካባቢው መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ውስጥ ድምፅዎ ከገባ፣ ጥፋተኛ ማን እንደሆነ ከመከራከር በፊት ያቁሙ፤ ብዙ ጊዜ የድምፅ ማጉያው ረጅም ሽቦ ላይ የሚጠቀለል ፌራይት (የሬዲዮ ኃይልን የሚያንቅ የማግኔት ቁስ) ይፈታዋል።

መብረቅን በተመለከተ፣ ማብሪያውን ማጥፋት ምንም አይከላከልም። ሬዲዮውን በማይጠቀሙበት ሰዓት ሁሉ የአንቴናውን ኬብል ነቅለው ከቤት ውጭ ዘንጉ ጋ ይተዉት፣ የኃይል መሰኪያውንም ይንቀሉ። ነጎድጓዱ መሰማት ከጀመረ ግን ኬብሉን ለመንቀል አይሂዱ፤ ከአንቴናውም ከመሣሪያውም ርቀው ይቀመጡ።